ቅጹን ሳንፈርም ከመመለሳችን በፊት፦ «ልጆቻችንን አታስቸኩሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድ ወንድማችን «ልጆቻችንን አታስቸኩሉ» በሚል ርእስ የጻፉት፣ በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችንን በዱዋል ኢንሮልመንት፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የኮሌጅ ኮርስ በሚወስዱበት ፕሮግራም፣ እንዳናስመዘግብ አጥብቆ የሚመክር ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። ጽሑፉ ስድስት ነጥቦች አሉት። ልጁ የሚያገኘውን ክሬዲት (የኮሌጅ ኮርስ የሚለካበትን አሐድ) ዩኒቨርሲቲዎች አይቀበሉትም፤ በ16 ዓመቱ የሚያመጣው መጥፎ ውጤት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ ከዚህ ይልቅ ኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥና በአገር አቀፍ ፈተና የሚመዘን የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ይሻላል፤ ነፃ ነው መባሉ ማባበያ ነው፤ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ ልጆች በእንግሊዝኛቸው ምክንያት ይወድቃሉ፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ልጅነታቸውን ይሰርቃቸዋል ይላሉ። መደምደሚያቸው አጭር ነው፦ ቅጹ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አትፈርሙ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ቦርሳቸውን ከፍተው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። የልጃቸው ስም፣ የኮርሱ ስምና የካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) ፊርማ ሰፍሮበታል፤ የወላጅ ፊርማ የሚለው መስመር ብቻ ባዶ ነው። «ያንን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ እጄ እንቢ አለኝ» አሉኝ። ቅጹ መመለስ የነበረበት ቀን ደግሞ ዓርብ ዕለት አልፏል። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ይህን ምላሽ ያጻፈኝ የእሳቸው ባዶ መስመር ነው። ሁለተኛም ምክንያት አለኝ፤ ጸሐፊው የሚፈሩት ስሕተት በእኔ ቤት በመጀመሪያ ልጄ ላይ ደርሷል፤ በሁለተኛው ልጄ ደግሞ ከዚያ ስሕተት ተምረን በሌላ መንገድ ሄደናል።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ዱዋል ኢንሮልመንት ማለት አንድ ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ የኮሌጅ ኮርስ ወስዶ ውጤቱ በሁለተኛ ደረጃውም በኮሌጁም ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ላይ የሚመዘገብበት አሠራር ነው። ኮርሱ በኮሌጁ ግቢ፣ በኢንተርኔት ወይም በራሱ በልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊሰጥ ይችላል። ጸሐፊው «በልጆቻችን ላይ የሚሞከር አዲስ ነገር» ብለውታል፤ አዲስ ግን አይደለም። ሚኒሶታ፣ ሩዲ ፐርፒች ገዢ በነበሩበት ዘመን፣ ግዛት አቀፍ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የዋሽንግተን ግዛት ራኒንግ ስታርት የሚባለውን ፕሮግራም በ1990 በሕግ አቋቁማለች፤ ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚልኩት በዚህ ስም ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ይማራሉ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ውስጥ ከተመዘገቡት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ገና ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰ ልጅ ነው።

የጸሐፊውን ቅደም ተከተል ትቼ ከሁለተኛው ነጥባቸው እጀምራለሁ፤ ከጻፉት ሁሉ እውነት የሚበዛው እዚያ ላይ ነውና። በዱዋል ኢንሮልመንት የተገኘ ውጤት የኮሌጅ ውጤት ነው፤ ተማሪው ልጅ ነበር ተብሎ አይፋቅም። የመጀመሪያ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች በአቅራቢያችን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ባዮሎጂ ወሰደች። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ትሠራለች፤ እኔና እናቷ በፈረቃ ስለምንሠራ ማታ ስንገናኝ የምናወራው ስለ እራትና ስለ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ አልነገረችንም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ኮርሱን አቋርጦ መውጣት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን በኅዳር መጀመሪያ አለፈ፤ እኛ እንዲህ ያለ ቀን መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዲ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ኮሌጅ ነርሲንግ ልትገባ ስትል ከባዮሎጂ ቢያንስ ሲ እንደሚያስፈልጋት ተነገራት፤ ኮርሱን ከፍላ ደገመችውና ቢ አመጣች። በአማካይ ውጤቷ ስሌት አዲሱ ነጥብ የድሮውን ተካው፤ ዲው ግን ከትራንስክሪፕቱ ላይ አልጠፋም፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ስለዚህ ጸሐፊው አደጋ አለ ሲሉ አልቃወማቸውም። የምቃወመው ከዚህ ተነሥተው የደረሱበትን መደምደሚያ ነው። ልጄን የጎዳት እኛ የማናውቃቸው ሁለትና ሦስት ደንቦች እንጂ ኮሌጅ መግባቷ ራሱ አልነበረም፤ እነዚያን ደንቦች ደግሞ ጸሐፊው በሦስት ገጽ ጽሑፋቸው ውስጥ አንዱንም አልነገሩንም። አትፈርሙ ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ ማሳየት ነበረበት።

አንደኛው ደንብ የማቋረጫው ነው። ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት ኮርሱን ድሮፕ ያደረገ (ምዝገባውን የሰረዘ) ተማሪ በትራንስክሪፕቱ ላይ ምንም ምልክት አይቀርበትም። ያ ቀን ካለፈ በኋላ፣ እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ አለፍ እስኪል፣ በደብልዩ፣ ማቋረጡን ብቻ በሚያሳይ ምልክት፣ መውጣት ይቻላል፤ ደብልዩ የአማካይ ውጤትን አይነካም። ሁለተኛው ቀን ካለፈ ግን የመጣው ነጥብ ይጻፋል። እነዚህ ሁለት ቀናት በየኮሌጁ የትምህርት ካላንደር ላይ ታትመው የወጡ ናቸው። ሁለተኛ ልጄ ሲመዘገብ በማቀዝቀዣው በር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈን ለጠፍናቸው፤ ከሁለተኛው ቀን አንድ ሳምንት በፊት ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀምጦ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንዲያሳየኝም ተስማማን።

ሌላው የገንዘብ ዕርዳታ ደንብ ነው፤ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ይህንን ነው። ኮሌጆች የፌደራል ዕርዳታ ለመስጠት ተማሪው በቂ የትምህርት እድገት ማሳየቱን ይመዝናሉ፤ ብዙዎቹ ከተመዘገበባቸው ክሬዲቶች 67 ከመቶ ያህሉን ማጠናቀቅ አለበት ይላሉ። አንድ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ሳለ 12 ክሬዲት ተመዝግቦ 6ቱን ቢያቋርጥ ያጠናቀቀው ግማሹን ብቻ ነው። እዚያው ኮሌጅ ከቀጠለ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የገንዘብ ዕርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌደራል ዕርዳታ) በጠየቀበት በመጀመሪያው ቀን ከመስፈርቱ በታች ሆኖ ሊገኝና ይግባኝ ጽፎ ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ ግን የሚቆጠሩት ዩኒቨርሲቲው የተቀበላቸው ክሬዲቶች ስለሆኑ ያቋረጣቸው አይከተሉትም። እንግዲህ «ዕድሜ ልክ ይከተለዋል» የሚለው አባባል አንዱ ጋ እውነት ነው፣ ሌላው ጋ አይደለም። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ኮሌጅ የሚቀበሉት ክሬዲቱን እንጂ ነጥቡን ስላልሆነ፣ የድሮው ዲ በአዲሱ አማካይ ውጤት ውስጥ አይገባም። በሌላ በኩል ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን የሚሹ ወላጆች፣ በእኛ ዘንድ ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ይህን ልብ ይበሉ፦ ለአብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው የጋራ ማመልከቻ በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የተወሰዱትን ጨምሮ የኮሌጅ ኮርሶችን ሁሉ ከነነጥባቸው ይጠይቃል፤ በስሌቱም ውስጥ ያስገባቸዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ በእኛ ባህል በጣም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ልጁ የኮሌጅ ኮርስ በወሰደበት ቅጽበት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የተማሪዎችን መዝገብ በሚመለከተው የፌደራል ሕግ መሠረት፣ በኮሌጁ ባለው መዝገብ ላይ መብቱ የራሱ ይሆናል፤ ዕድሜው 16 ቢሆንም። እናት ደውላ የልጄ ውጤት እንዴት ነው ስትል፣ ኮሌጁ ያለ ልጁ ፈቃድ ልነግርሽ አልችልም ሊላት ይችላል። ጸሐፊው ይህን እንደ ሤራ ቆጥረው «ልጆቻችንን ከእጃችን ይነጥቁናል» ብለዋል። ሕጉ ግን በር አልዘጋም። ወላጅ ልጁን በግብር ማመልከቻው ላይ ጥገኛ አድርጎ ካስመዘገበ ኮሌጁ መዝገቡን ሊያሳየው ይፈቀድለታል፤ ኮሌጁና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መረጃ መለዋወጥ ይችላሉ፤ ልጁም የፈቃድ ቅጽ ፈርሞ ለወላጁ በሩን ሊከፍት ይችላል። ልጄ ይህን ቅጽ ፈርሞልኛል። ፈቃዱን በግድ አልወሰድኩም፤ ቁጭ ብለን የእህቱን ታሪክ ካወራን በኋላ ነው የፈረመው። እንዲያውም በ16 ዓመቱ ስለ ትምህርቱ ከአባቱ ጋር እንደ ትልቅ ሰው እንዲነጋገር ያደረገው ይህ ቅጽ ነው።

ጸሐፊው ስለ ብስለት ሲጽፉ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። እኔ እንደሚገባኝ ተረቱ የሚወቅሰው አስተጣጠቁን እንጂ መሮጡን አይደለም። ታጥቀው የሮጡ ልጆች ምን እንደደረሱ ደግሞ ማስረጃ አለ። አሜሪካን ኢንስቲትዩትስ ፎር ሪሰርች የተባለው ተቋም በ5 ግዛቶች በሚገኙ 10 ትምህርት ቤቶች ላይ ያካሄደው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ትምህርት ቤቶቹ ኧርሊ ኮሌጅ የሚባሉ፣ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ሲማር ጎን ለጎን እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ የኮሌጅ ክሬዲት እንዲያገኝ ተደርገው የተዋቀሩ ናቸው። አመልካች ስለበዛ ተማሪ ይቀበሉ የነበረው በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ማነጻጸር ጎበዙን ከሰነፉ እንደማወዳደር አይደለም። ሁለተኛ ደረጃን ይጨርሳሉ ተብሎ ከሚጠበቅበት ጊዜ አንሥቶ በ6 ዓመት ውስጥ ዕጣ ከወጣላቸው 30 ከመቶ ያህሉ፣ ካልወጣላቸው 25 ከመቶ ያህሉ የመጀመሪያ ዲግሪ አግኝተዋል። በሁለት ዓመቱ ዲግሪና በሰርተፍኬት በኩል ልዩነቱ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ድጋፉን አብረው ያዘጋጁ ስለሆኑ፣ አንድ ኮርስ ብቻውን ተመዝግቦ የሚሄድ ልጅ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል ብዬ ለአንባቢ ቃል አልገባም። ይህ ማስረጃ የሚለን፣ የሚያግዛቸው ሰው እስካለ ድረስ የኮሌጅ ትምህርት በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ጫንቃ አይሰብርም ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥባቸው ልመለስ። ክሬዲቱን «ማንም ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም» ብለዋል። ይህ በቀጥታ ስሕተት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ሕጉ ራሱ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚሰጥ ፓስፖርት የተባለ፣ ወደ 15 ክሬዲት የሚይዝ የኮርስ ጥቅል አዘጋጅቷል፤ ከእሱ ሰፋ ያለውና 30 ክሬዲት ገደማ የሚይዘው ደግሞ የጠቅላላ ትምህርት ሰርተፍኬት ይባላል። ጥቅሎቹ የተዘጋጁት በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የጠቅላላ ትምህርት መስፈርትን እንዲያሟሉ ተብለው ነው፤ ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዱዋል ኢንሮልመንት ኮርስ የሚወስድ ልጅ ከእነዚህ ውስጥ እየመረጠ መሄድ ይችላል። የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ 120 ክሬዲት እንደሆነ ስናስታውስ 30ው የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ነው። የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ፣ ማደሪያና ምግብ ሲደመር ለአንድ የታክሲ ሾፌር ወይም ለአንዲት የአረጋውያን ተንከባካቢ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረንም፤ እናውቀዋለን።

ይሁንና ጸሐፊው ሊሉ ፈልገው ያልደረሱበት ቁም ነገር አለ። ክሬዲት መቀበልና ክሬዲቱ ሥራ ላይ መዋሉ አንድ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲው ሦስት ክሬዲት ተቀብያለሁ ብሎ ጽፎ፣ ኮርሱ ግን ልጁ ለሚያጠናው ሙያ የማያስፈልግ ከሆነ፣ ነፃ ምርጫ በሚባለው ዓምድ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ልጁን ከምንም ኮርስ አያድነውም። ሁለተኛ ልጄ 24 ክሬዲት ይዞ የግዛታችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባ። 21ዱ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ፣ የታሪክና የመሳሰሉትን መስፈርቶች ሞሉለት። ቀሪው 3 ክሬዲት፣ ስሙ ደስ ብሎት የወሰደው የፊልም ታሪክ ኮርስ፣ እስካሁን እዚያ ዓምድ ሥር ተቀምጧል። ምሕንድስና የሚያስብ ልጅ ለጠቅላላ ተማሪ የተዘጋጀውን ቀላሉን ሒሳብ ከወሰደ ከንቱ ድካም ይሆንበታል፤ የሚፈልገው ካልኩለስ ወይም ወደ ካልኩለስ የሚወስደው ነው። ከዚህ ሌላ አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ መግቢያቸው ጠባብ የሆኑት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የተቆጠረ ኮርስ ደግሞ ለእኛ አይቆጠርም ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ግን የእነሱ ደንብ እንጂ የሁሉም አይደለም። እዚያ የሚያመለክት ልጅም ቢሆን የኮሌጅ ኮርስ ወስዶ በጥሩ ውጤት ማለፉ በማመልከቻው ላይ ይታይለታል።

«በሁለተኛ ደረጃ መምህር የተሰጠ ኮርስ የኮሌጅ ሊባል አይችልም» የሚለውን አንቀጻቸውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቨርጂኒያንና ጆርጂያን ጨምሮ በደቡብ ያሉ ኮሌጆችን እውቅና ሲሰጥ የኖረው ተቋም ለመምህሩ ያስቀመጠው የተለመደ መመዘኛ ማስተርስ ዲግሪና በሚያስተምረው የትምህርት ዓይነት 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ነው፤ ክፍሉ የሚገኘው ኮሌጅ ግቢ ውስጥም ይሁን ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ይህ አይቀየርም። በየገጠሩ ኮርሱን የሚሰጥ መምህር የሚጠፋውም በዚሁ መስፈርት ምክንያት ነው።

ኤፒ ይሻላል የሚለውን ሦስተኛ ነጥብ ከልብ መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ካውንስለሮችም እንዲህ ይመክራሉ። ኤፒ ጥሩ ፕሮግራም ነው። ራቅ ወዳለ ግዛት ወይም ወደ ታዋቂ የግል ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክት ልጅ፣ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ፈተና መሆኑ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ጸሐፊው ኤፒ «የተረጋገጠ ክሬዲት ነው» ማለታቸው ትክክል አይደለም፤ ከ1 እስከ 5 ከሚሰጠው ነጥብ 3 የሚበቃው ዩኒቨርሲቲ አለ፣ 4 ወይም 5 የሚጠይቅ አለ፣ ጭራሽ የማይቆጥርም አለ። ዋናው ልዩነት አመዛዘኑ ላይ ነው። የኤፒ ክሬዲት የሚወሰነው በግንቦት በሚሰጥ የሁለትና የሦስት ሰዓት ፈተና ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲተጋ የኖረ ልጅ በዚያች ጠዋት 2 ካመጣ ክሬዲት የለውም። በዱዋል ኢንሮልመንት ግን ነጥቡ የሚጠራቀመው ከቤት ሥራ፣ ከጽሑፍ፣ ከቤተ ሙከራና ከየመሐሉ ፈተና ነው። በአማርኛ ወይም በትግርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ የሚያጣው ዕውቀት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ሰዓት እየተቆጠረ ከሚሰጥ አንድ ፈተና ይልቅ ሴሚስተሩን ሙሉ የሚመዘንበት መንገድ ችሎታውን በተሻለ ያሳያል። ይህን የምለው ኤፒን ለማጣጣል አይደለም፤ ልጄ ሁለቱንም ወስዷል።

ይህ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ነጥብ ያደርሰኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝም እሱ ነው። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ ልጆች «ገና እንግሊዝኛ ሳይችሉ ኮሌጅ መግባት ውርደት ነው» ብለው ጽፈዋል። ስለ ልጆቻችን እንዲህ ተብሎ መጻፉ ተገቢ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ16 ዓመቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የደረሰ ልጅ በምሳ ሰዓት የክፍል ጓደኞቹ ሲቀልዱ ላይገባው ይችላል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ኳድራቲክ ኢኩዌዥን ግን ይገባዋል። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ከጎንደር መጥቶ የመጀመሪያውን ዓመት እንግሊዝኛ ለሚማሩ ተማሪዎች በተዘጋጀው ክፍል ሲያሳልፍ፣ የሒሳብ መምህሩ ደብተሩን አይተው ለካውንስለሩ ነገሩለት። የኮሌጁን የሒሳብ መመደቢያ ፈተና ወሰደ፤ አለፈ፤ በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ ተማረ። የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርሱን ያቆየው ለኋላ ነው። የሒሳቡ መመደቢያ ከእንግሊዝኛው ተለይቶ የሚሰጠው ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ጭምር ነው። አንዳንድ ኮርስ የንባብ ደረጃንም ይጠይቃል፤ ያ ከሆነ መጠበቅ ነው። መጠበቅና ከናካቴው መተው ግን ይለያያሉ።

ከዚህ ጀርባ ጸሐፊው ያላዩት ትልቅ ጉዳይ አለ። በአገር አቀፍ ደረጃ በዱዋል ኢንሮልመንት ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውና የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ከድርሻቸው በታች ናቸው። አንዱ ምክንያት ማወቅና አለማወቅ ነው። የካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃዋል ሲል፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ያ ሁሉ ልጅ ያለበት ካውንስለር በሩን አንኳኩቶ ለሚጠይቅ ወላጅ ይመልሳል፤ የማይጠይቀውን ለመፈለግ ጊዜ የለውም። እኛ ደግሞ መምህርን አክብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። በዚህ ላይ «አትፈርሙ» የሚል ምክር ሲጨመር፣ የሚጠይቁ ወላጆች ልጆች 30 ክሬዲት ይዘው ሲገቡ የእኛዎቹ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ቀሪውንም በብድር ይከፍሉታል።

«ነፃ ነው መባሉ ማባበያ ነው» ለሚለው፣ መልሱ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ወቅጠውታል። በሜሪላንድ፣ ገዢው ውድቅ ካደረጉት በኋላ ምክር ቤቱ በ2021 በድጋሚ ድምፅ ባጸናው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ ለኮሌጅ ዝግጁነት የተቀመጠውን መስፈርት ያሟላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ለዱዋል ኢንሮልመንት የትምህርት ክፍያም ሆነ ሌላ ክፍያ አይጠየቅም። ሚኒሶታ የመማሪያ መጻሕፍቱን ጭምር ትሸፍናለች። በዋሽንግተን ራኒንግ ስታርት ግን የሚሸፈነው የትምህርት ክፍያው ነው፤ መጽሐፍና ትራንስፖርት በቤተሰቡ ላይ ነው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው አንዳንዱ ክፍያ ይቀርለታል። ቴክሳስ ከ2023 ወዲህ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ነፃ የሚያደርግ ፕሮግራም ጀምራለች። ጆርጂያ በ2020 ሕጓን አጥብቃ ግዛቱ የሚከፍለውን በ30 ክሬዲት ወስናለች፤ ስለዚህ አትላንታ ያለ ልጅ ክሬዲቱን በማይረባ ኮርስ ላይ ማባከን የለበትም። የፌደራሉ ፔል ግራንት በመደበኛው ሕግ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይከፈልም፤ ስለዚህም ልጁ ወደፊት ካለው የ12 ሴሚስተር ገደብ ምንም አይቀነስበትም። በዚህ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው የምወስደው አንድ ነገር ቢኖር የመጓጓዣውን ጉዳይ ነው። መኪና በሌለው ቤት ከትምህርት ቤት ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ቤት ሦስት አውቶቡስ መቀያየር ልጅን ያደክማል፤ በዚህ ጊዜ በራሱ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ኮርስ መምረጥ ይሻላል።

ልጅነታቸውን ይሰርቃል ስለሚለው የመጨረሻ ነጥብ የምለው ጥቂት ነው። ማንም ልጅ በሴሚስተር አራት የኮሌጅ ኮርስ ይውሰድ ያለ የለም። አንድ ኮርስ፣ ከዚያም ከለመደው ሁለት፣ የልጄ ልክ ይህ ነበር። በመዝሙር ጥናቱም አልቀረ፣ እግር ኳሱንም አልተወ። ልጅነቷን የተሰረቀችው ይልቅስ ቅዳሜና እሑድ ስትሠራ የነበረችው የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ እሱንም ያደረግነው እኛው ነን።

ሰኞ ጠዋት ከእኒያ እናት ጋር አብረን ለካውንስለሯ ደወልን። ስልኩን መሐላችን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ እሳቸው በአማርኛ ሲጠይቁ እኔ አስተረጎምኩ። ልጅቷ ፋርማሲ ማጥናት ስለምትፈልግ ይህ ኮርስ እዚያ ይቆጠርላታል ወይ አሉ። የማቋረጫው ቀን መቼ ነው አሉ። ክፍሉ ስንት ሰዓት ያልቃል፣ ልጄ ስትመለስ ይመሽባታል ወይ አሉ። ካውንስለሯ ኮርሱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ስላለ ቅጹን ዘግይቶም ቢሆን እንደሚቀበሉ ነገሩን፤ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው መለሱ፤ ስለ ፋርማሲው ግን ኮሌጁን ጠይቄ እስከ ሐሙስ እደውላለሁ አሉ። እናትየው ወረቀቱን እንደ ቀድሞው አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። አሁንም አልፈረሙም፤ የሚጠብቁት ግን የሐሙሱን ስልክ ነው።